በበጋ ወራት በጓሮ የተተከለ ብሮኮሊ ሲታመም ምክንያቱ ከምልክቱ እንዴት እንደሚታወቅ

ብሮኮሊ የሚባለው አትክልት ከጎመን ወገን ነው። ከእርሱ የሚበላው ክፍል ቅጠሉ ሳይሆን ገና ያልፈነዳው የአበባ እምቡጥና እምቡጡን የተሸከመው ለስላሳ አገዳ ነው። ይህን አትክልት ከጥንት ጀምሮ አብልጠው ያለሙት የኢጣልያ ሰዎች ስለ ሆኑ ስሙም ከእነርሱ ቋንቋ የተወሰደ ነው። በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ በትምህርት ቤት ጓሮና በመኖሪያ ቤት አጠገብ የሚተክሉት ሰዎች አሉ። ነገር ግን የአበሻ ጎመንና ጥቅል ጎመን መትከል የለመደ ሰው ብሮኮሊን በያዘ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ይቸገራል፤ ጎመን ጥቂት ቅጠሉ ቢጎዳ የቀረው ይበላልና። ብሮኮሊ ግን በችግኝነቱ ሳምንት የደረሰበት ጉዳት ከሁለት ወር በኋላ በራሱ ላይ ይገለጣል፤ በዚያን ጊዜም ምክንያቱ ተረስቶ ይገኛል።

አትክልት ሲታመም ብዙ ሰው የሚያደርገው ምክንያቱን ሳይመረምር ያገኘውን መድኃኒት ማፍሰስ ነው። አንዱ አመድ ይበትናል፤ አንዱ ዩሪያ ይጨምራል፤ ሌላው ከገበያ በጠርሙስ ያመጣውን መርዝ ይረጫል። ቅጠሉ የገረጣው ሥሩ በውኃ ታፍኖ እንደ ሆነ ማዳበሪያው ሞቱን ያፋጥነዋል እንጂ አያድነውም። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ደግሞ ጉዳቱን ያደረሰው ውርጭ ሆኖ ሳለ ልጆች በሚበሉት ራስ ላይ መርዝ መርጨት ነው። የበጋው ወራት በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይመጣል፤ ዘሩም በገንዘብ የተገዛ ነው። የተማሪዎች መደብ ጠፍቶ ያየ ወላጅ የትምህርት ቤት እርሻ የልጅ ጨዋታ ነው ብሎ ይፈርዳል፤ ይህንንም ፍርድ መልሶ ማቃናት አንድን መደብ ከማዳን ይልቅ እጅግ ይከብዳል።

ስለ ዘመዶቹና ስለ ወራቱ

ብሮኮሊ፣ ጥቅል ጎመንና አበባ ጎመን መልካቸው ቢለያይም በዘራቸው አንድ ናቸው፤ የለያያቸው ሰው በብዙ ዘመን ምርጫ ነው። የአበሻ ጎመን ደግሞ የቅርብ ዘመዳቸው ነው። ናጋሃሩ ዩ የተባለ በጃፓን አገር ይሠራ የነበረ የዕፀዋት ሊቅ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1935 ዓ. ም. ባወጣው ጽሑፍ የአበሻ ጎመን ከጥቁር ሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን ወገን መዋለድ የተገኘ መሆኑን አስረድቷል። ይህ ነገር ለአትክልተኛው የሚጠቅመው ለዕውቀት ብቻ አይደለም። ዘመዳሞች ስለ ሆኑ የአንዱ ትል የሌላው ትል፣ የአንዱ በሽታ የሌላው በሽታ ነው። ስለዚህ ዓምና ጎመን፣ ጎመን ዘር ወይም ሰናፍጭ በነበረበት መደብ ዘንድሮ ብሮኮሊ መትከል የዓምናውን በሽታ እንደ ማውረስ ይቈጠራል። ፌጦም ከዚሁ ነገድ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ባቄላ፣ ሽንኩርት፣ ካሮት ወይም ድንች የነበረበት መሬት ግን ይሻላል።

ስለ ወራቱም አንድ ማስጠንቀቂያ ይገባል። በባሕር ማዶ የታተመ የዘር ፖስታ ወይም መጽሐፍ ስለ ክረምት አትክልት በሚናገርበት ጊዜ ብርዱና በረዶው የሚበረታበትን የዚያን አገር ወራት ማለቱ ነው። በኢትዮጵያ ክረምት የዝናብ ወራት ነው፤ ሌሊቱ የሚበርደው ግን ሰማዩ በሚጠራበት በበጋ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ በፖስታው ላይ ያለውን የወር ስም እንዳለ መከተል ያሳስታል። ብሮኮሊ በጣም የሚስማማው ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለ ቅዝቃዜ ነው። በመስከረም ዘሩን በችግኝ መደብ ዘርቶ በጥቅምት ወደ ዋናው መደብ ያዛወረ ሰው፣ እንደ ዘሩ ዐይነት ከተዛወረ ከ60 እስከ 100 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱን ይቈርጣል።

ስለ ምርመራው ሥርዓት

ሐኪም በሽተኛውን ሳያይ መድኃኒት እንደማይሰጥ፣ አትክልተኛውም አስቀድሞ መመልከት ይገባዋል። መጀመሪያ የሚታየው አንዱ ተክል ብቻ ሳይሆን መደቡ በሙሉ ነው። ጉዳቱ በሁሉ ላይ እኩል እንደ ሆነ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የአየሩ፣ የአፈሩ ወይም የውኃው ነገር ነው፤ ትልና በሽታ ከአንድ ቦታ ጀምረው እየሰፉ ይሄዳሉ እንጂ ሁሉን በአንድ ቀን አይይዙም። ጉዳቱ በዝቅተኛው ጫፍ ብቻ የተከማቸ እንደ ሆነ የቆመ ውኃን ወይም ውርጭን መጠርጠር ነው።

ቀጥሎ የሚጠየቀው የትኛው ቅጠል አስቀድሞ ታመመ የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ብዙ ያስረዳል። ተክል በምግብ በተቸገረ ጊዜ ከአሮጌው ቅጠል እየወሰደ አዲሱን ያበላል፤ ይህን ማድረግ የሚችለው ግን እንደ ናይትሮጅን፣ እንደ ፎስፎረስና እንደ ማግኒዝየም ያሉትን ከቦታ ወደ ቦታ የሚዛወሩትን ነገሮች ነው። ብረትና ቦሮን ግን አንድ ጊዜ ከገቡበት ቅጠል ብዙም አይንቀሳቀሱም። ስለዚህ የታችኛው አሮጌ ቅጠል ሲታመም የመጀመሪያዎቹ፣ ከላይ ያለው አዲስ ቅጠል ሲታመም የኋለኞቹ መጕደላቸው ይገመታል።

ከዚያ በኋላ ቅጠሉን ገልብጦ ጀርባውን ማየት ይገባል፤ ክሽክሽና ሻጋታ የሚሸሸጉት በዚያ ነውና። በመጨረሻም ጥርጥር የቀረ እንደ ሆነ ከታመሙት አንዱን ተክል ከነሥሩ መንቀል ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያደርግ ይሳሳል፤ ነገር ግን አንዱን ነቅሎ ሃያውን ማዳን ከመሳሳት ይሻላል። ጤነኛ ሥር ነጭና ጠንካራ ነው፤ ውኃ ያፈነው ሥር ቡናማ ሆኖ በጣት ሲይዙት ልጡ ይገፈፋል፤ ክፉ ሽታም አለው።

ስለ ቅጠል ቢጫ መሆን

የታችኞቹ ቅጠሎች ከነጅማታቸው አንድ ሆነው ገርጥተው ቀስ በቀስ ቢጫ ሲሆኑ፣ ተክሉም ሲቀጭጭ፣ የናይትሮጅን ረኃብ ነው። የበሰበሰ ፍግ ወይም ብስባሽ በተክሉ ዙሪያ ማድረግ፣ በችኮላም የሚያስፈልግ እንደ ሆነ ጥቂት ዩሪያ ከግንዱ ራቅ አድርጎ በአፈር ሸፍኖ ማጠጣት ይገባል። ያልበሰበሰ ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። አመድም ናይትሮጅን የለበትም፤ ፖታስየም ይሰጣል፣ የአፈርንም ኮምጣጣነት ይቀንሳል እንጂ የገረጣውን ቅጠል አረንጓዴ አያደርግም። አመድ ለሁሉ መድኃኒት ነው የሚባለው ነገር መታረም ይገባዋል።

የአሮጌው ቅጠል ጅማት አረንጓዴ ሆኖ ቀርቶ በጅማቶቹ መካከል ያለው ገላ ብቻ ቢጫ ቢሆን የማግኒዝየም ጕድለት ነው። ይህንኑ መልክ አዲሱ ቅጠል ያሳየ እንደ ሆነ የብረት ጕድለት ነው፤ ይህም ኖራ በበዛበት መሬት ይገኛል፤ እንዲህ ባለ መሬት ላይ አመድና ኖራ መጨመር ጕድለቱን ያብሰዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ጋር የሚምታታው የውኃ ብዛት ነው። ለምሳሌ አንድ መምህር አምስት መደብ ቢኖረው፣ ከእነርሱም በታች ያለው አንዱ መደብ ብቻ ቢገረጣና በቀትር ቢጠወልግ፣ ተማሪዎቹ ውኃ ጠማው ብለው አብዝተው ያጠጡታል፤ በማግሥቱም የበለጠ ይጠወልጋል። ይህ የሚሆነው ሥርም እንደ ሰው አየር ስለሚፈልግ ነው፤ በውኃ የተሞላ አፈር ውስጥ አየር ስለሌለ ሥሩ ይሞታል፤ ሥር የሌለው ተክልም በውኃ መካከል ቆሞ ይጠማል። በጥቁር መረሬ መሬት ይህ ነገር የተለመደ ነው። ለማወቅ 30 ሴንቲሜትር ያህል ጥልቅ የሆነ ጕድጓድ ቈፍሮ ውኃ መሙላት ነው፤ በማግሥቱ ውኃው ሳይሰርግ የቆየ እንደ ሆነ መሬቱ ውኃ ያግታል። መድኃኒቱም ማዳበሪያ ሳይሆን መደቡን ከፍ አድርጎ በዙሪያው ቦይ ማውጣት ነው።

በቀትር ጠውልጎ ማታ የሚነሣ ተክል ብዙ አያሳስብም። ጧት በጤዛ ጊዜም ጠውልጎ የሚገኘው ግን ሥሩ ታሟልና ሳይውል ሳያድር ይመርመር።

ቅጠሉ ወደ ሐምራዊ መልክ የሄደ እንደ ሆነ ፎስፎረስ አጥቷል ማለት ነው፤ ሆኖም ፎስፎረሱ በአፈሩ ውስጥ እያለ ሥሩ በብርድ ምክንያት መውሰድ ተስኖት ሊሆን ይችላል። አዲስ በተዛወረ ችግኝ ላይ በብርድ ሳምንት የታየ ሐምራዊነት አየሩ ሲሞቅ በራሱ ይለቃልና ሰባት ወይም ስምንት ቀን መታገሥ ይሻላል። ደግሞም በተፈጥሮው ሐምራዊ የሆነ የብሮኮሊ ዘር አለ፤ የዘሩን ፖስታ ያልጣለ ሰው በዚህ አይታለልም።

ራሱ ትንሽ ስለ መሆኑና ስለ መበተኑ

አትክልተኞች ስለ ብሮኮሊ አብዝተው የሚያዝኑበት ይህ ነው። ተክሉ ገና በጕልበት ቁመት ሳይደርስ እንደ ልብስ ቍልፍ የምታክል ራስ ያወጣል፤ ከዚያም ወዲያ አያድግም። ዘሩ ክፉ ነው ተብሎ ሻጩ ይወቀሳል፤ ይሁን እንጂ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ በችግኝነቱ ወራት የደረሰ መከራ ነው። ብሮኮሊ በባሕርዩ መከራ ያገኘው እንደ ሆነ ሳይሞት ዘር ለመተው ይቸኩላል፤ አበባውም የዘር መጀመሪያ ነው።

መከራውም ከብዙ ወገን ይመጣል። ወጣቱን ተክል ከ10 ዲግሪ በታች የሆነ ብርድ 10 ቀን ያህል ያለማቋረጥ ቢይዘው ራስ ወደ ማውጣት ይመለሳል። በችግኝ መደብ ወይም በጠባብ ቆርቆሮ ውስጥ እጅግ የቆየ ችግኝም እንዲሁ ይሆናል፤ ችግኝ መዛወር የሚገባው ዘሩ ከበቀለ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ አራት ወይም አምስት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ነው። በበዓል ወይም በፈተና ምክንያት የመትከያው ቀን ከተላለፈ፣ ያረጀውን ችግኝ ከመትከል አዲስ መዝራት ይሻላል። የናይትሮጅን ረኃብ፣ ድርቀት፣ አረምና መጠጋጋትም ይህንኑ ያመጣሉ። በሁለት ተክል መካከል 45 ሴንቲሜትር ያህል መተው ይገባል፤ ለዐይን ሰፊ ይመስላል፤ ቅጠሉ ሲዘረጋ ግን ልክ ነው።

አንድ ጊዜ ትንሽ ራስ ያወጣ ተክል በማዳበሪያ ወደ ኋላ አይመለስም። ስለዚህ በዚያ ላይ ገንዘብ ማውጣት ከንቱ ነው፤ ትንሹን ራስ ቈርጦ በልቶ ከጎኑ የሚወጣውን ቀንበጥ መጠበቅ ብቻ ይቀራል።

ሙቀት ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ያደርጋል። ራሱ በሚቋጠርበት ጊዜ አየሩ እጅግ የሞቀ እንደ ሆነ እምቡጦቹ ይበተናሉ፤ በመካከላቸው ትናንሽ ቅጠሎች ይወጣሉ፤ ቢጫ አበባም በጥቂት ቀን ይፈነዳል። በቆላ አፋፍ የሚገኙ ትምህርት ቤቶች ዘሩን አዘግይተው ራሱ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀት እንዲደርስ ያደረጉ እንደ ሆነ ከዚህ አያመልጡም።

ስለ ውርጭ

በደብረ ብርሃን፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ባለው አገር፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ መሬቱን ነጭ አድርጎ ማደሩ የታወቀ ነው። ሽማግሌዎች ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ በጸጥታ የተኛ እንደ ሆነ ነገ ውርጭ ነው ይላሉ፤ ነገሩም እውነት ነው። ደመና መሬቱ በቀን የተቀበለውን ሙቀት እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል፤ ደመና በሌለ ሌሊት ግን ሙቀቱ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ይልቅ ስለሚከብድ እንደ ውኃ ወደ ረባዳው ይወርዳል። በተዳፋት መካከል ያለ መደብ ድኖ በሸለቆው ግርጌ ያለው የሚቃጠለው ስለዚህ ነው፤ በታችኛው ጫፍ ያለ ጥቅጥቅ አጥርም አየሩን አግቶ ያስተኛዋል።

ውርጭ የመታው ቅጠል በማለዳ ደንድኖ ይገኛል፤ ፀሓይ ሲሞቀው ውኃ እንደ ጠጣ ጨርቅ ይጠቁራል፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ ጠርዙ ነጥቶ ይደርቃል። ያደገ ብሮኮሊ ቀላል ውርጭ ይችላል። ራሱ ግን በጽኑ ውርጭ የተመታ እንደ ሆነ እምቡጡ ቡናማ ሆኖ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ያልተበላሸውን ቶሎ መቍረጥ ነው። የደነደነውን ቅጠል ሳይፈታ በእጅ መንካት አይገባም፤ ይሰበራልና። መከላከያው ቀላል ነው፤ አፈሩን በቀን አጠጥቶ ማሳደር፣ እርጥብ አፈር ከደረቁ ይልቅ ሙቀት ይይዛልና፤ ማታም መደቡን በሣር ወይም በሰሌን ሸፍኖ ጧት መግለጥ። ገለባውን ቀን ከሌሊት የተወ ሰው ተክሉን ከብርሃን ይከለክለዋል።

ስለ ትልና ስለ ነፍሳት

ማታ ጤነኛ ሆኖ ያደረ ችግኝ ጧት በመሬት ልክ ተቈርጦ የተገኘ እንደ ሆነ ቈራጭ ትል ነው። ትሉ በሌሊት በልቶ ቀን በዚያው አጠገብ በአፈር ውስጥ ተጠቅልሎ ይተኛልና ጣት ያህል ጥልቀት ቈፍሮ ማግኘትና መግደል ይቻላል። ቅጠሉ በመርፌ እንደ ተበሳሳ የሆነ እንደ ሆነ የምትዘል ትንሽ ጥንዚዛ ናት። ሥጋው ተበልቶ ስስ ሽፋኑ እንደ መስኮት መስተዋት የቀረ ቅጠል ደግሞ የአንዲት ትንሽ የእሳት ራት ትል ሥራ ነው፤ ይህች ትል አረንጓዴ ናት፤ ሲነኳት ወደ ኋላ እየተወራጨች በክር ትንጠለጠላለች። ብዙ መርዞችን የተለማመደች ስለ ሆነች በእጅ መልቀም አንዳንድ ጊዜ ከመርጨት ይበልጣል።

ክሽክሽ በድርቅ ወራት ይበዛል። በጎመን ላይ የሚገኘው አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ስለዚህም ሰዎች በሽታ ወይም ሻጋታ ያደርጉታል። በጣት ቢጨፈለቅ ግን አረንጓዴ ፈሳሽ ይወጣዋል፤ ሻጋታ እንዲህ አያደርግም። ገና ጥቂት ሳለ በውኃ ማጠብ ይበቃዋል። ሲበዛም በ1 ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ለስላሳ ሳሙና በጥብጦ፣ በአንድ ቅጠል ላይ ፈትኖ ማታ መርጨት ነው። ነጠብጣብ ያለባት ቀይ ጥንዚዛ በመካከል ብትታይ አትገደል፤ ክሽክሽን ትበላለችና።

መርዝ የግድ ያስፈለገ እንደ ሆነ ስሙ በሚነበብ መያዣ ያለ፣ ለአትክልት የተፈቀደ፣ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይበላ እንደሚቈይ የተጻፈበት ይሁን። የብሮኮሊ ራስ በሺህ የሚቈጠር እምቡጥ ስለ ሆነ የገባበትን መርዝ እንደ ጥቅል ጎመን ውጫዊውን ቅጠል በመጣል ማስወገድ አይቻልም። ራስ ካወጣ በኋላ ባይረጭ ይመረጣል። ተማሪዎችም መርዝ መርጨት አይገባቸውም።

ስለ በሽታ

ከቅጠሉ ጠርዝ ጀምሮ ጫፉ ወደ መካከለኛው ጅማት የሚያመለክት ባለ ሦስት ማዕዘን ቢጫ ምልክት ወጥቶ በውስጡ ያሉት ጅማቶች የጠቈሩ እንደ ሆነ የጥቁር ብስባሴ በሽታ ነው። ይህ በሽታ ከዘሩ ጋር ይመጣል፤ ውኃ በላይ በላይ ሲፈስስም ይዛመታል፤ የታመመውንም የሚያድን መድኃኒት የለውም። የተጠረጠረ ዘር በልኩ 50 ዲግሪ በሆነ ውኃ 20 ደቂቃ ነክሮ ወዲያው አቀዝቅዞ ማድረቅ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ያለ ቴርሞሜትር አይሞከር፤ ውኃው ጥቂት ቢያልፍ ዘሩ ይሞታል። በቅጠሉ ፊት ቢጫ ነጠብጣብ፣ በጀርባው ነጭ ሻጋታ ሲታይ ደግሞ የእርጥብና የቀዝቃዛ አየር በሽታ ነውና ማታ ማጠጣትን ትቶ በማለዳ ከሥር ማጠጣት ይገባል።

የተነቀለው ተክል ሥሩ እንደ ጣት አብጦ የተጠማዘዘ ከሆነ የሥር እብጠት በሽታ ነው። ምክንያቱን ሚካኤል ቮሮኒን የተባለው የሩስያ ሊቅ በጥቃቅን መመልከቻ መርምሮ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1878 ዓ. ም. አስታውቋል። ዘሩ በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሊቈይ ይችላል፤ በመኮትኮቻና በጫማ ጭቃም ከመደብ ወደ መደብ ይሄዳል። ኮምጣጣ አፈርና እርጥበት ይስማሙታል። ስለዚህ ኖራ መጨመር፣ ውኃውን ማስወጣት፣ የጎመንን ወገን ሁሉ ከዚያ መሬት ለብዙ ዓመት ማራቅ ነው። በእነዚህ በሁለቱ በሽታዎች የሞተው ተክል ወደ ብስባሽ ጕድጓድ አይጣልም፤ ይቃጠላል።

ስለ አገዳው ባዶ መሆን

ራሱ በሚቈረጥበት ጊዜ አገዳው ውስጡ ባዶ ሆኖ ይገኛል። የባዶው ግድግዳ ነጭና ንጹሕ ከሆነ ናይትሮጅን በዝቶ፣ ቦታውም ሰፍቶ ተክሉ ከልክ በላይ ፈጥኖ ማደጉ ነው፤ ለመብል ጕዳት የለውም። ግድግዳው ቡናማ ከሆነ፣ ራሱም የዛገ መልክ ካለው፣ ቦሮን ጐድሎታል። ቦሮን ለተክል ግድ አስፈላጊ መሆኑን ካትሪን ዋሪንግተን የተባለች እንግሊዛዊት በባቄላ ፈትና በ1923 ዓ. ም. እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር አሳየች። የሚያስፈልገው መጠን እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፣ ጥቂትም ቢበዛ መርዝ ስለሚሆን፣ በግምት ከመበተን በየዓመቱ የበሰበሰ ፍግ መጨመር ለጓሮ ይሻላል። ቅጠሉ ገላው ቀርቶ እንደ ጅራፍ በጅማቱ ብቻ የቀጠነ እንደ ሆነ ደግሞ በኮምጣጣ አፈር የሚመጣ የሞሊብደነም ጕድለት ነው፤ ለዚህም ኖራ ይበቃል።

ጤነኛው ራስ የሚቈረጠው እምቡጡ ጠብቆ ሳለ፣ አንድም ቢጫ ሳይታይበት፣ በማለዳ ነው። ቢላዋው አገዳውን አግድሞ ሳይሆን አጋድሎ ይቍረጠው፤ በጠፍጣፋ ቍራጭ ላይ ጤዛና ውኃ ተኝቶ አገዳውን ያበሰብሳልና። ተክሉ ሳይነቀል ውኃና ጥቂት ፍግ ያገኘ እንደ ሆነ ከየቅጠሉ ብብት ትናንሽ ራሶች እያወጣ ለብዙ ሳምንት ይቈረጣል።